ኮሶዬ ላይ የጎረስኩት ዳቦ

ከቤቴ ተነስቶ ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ የሚወስደው አቋራጭ በአንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ያልፋል። እኔ ግን ሽቅብ ወጥቼ፣ ቁልቁል ወርጄ፣ መሐል ላይ የሰው አጥር ተደግፌ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ዙሪያ ጥምጥሙን ነው የምሄደው። ጎረቤቶቼ ከዳቦ ሻጯ ጋር የተጣላሁ ይመስላቸዋል። አንዳንዶቹማ «ድሮ ይወዳት ነበር መሰል» ይላሉ። ፍቅር መኖሩንስ አልክድም፤ የሳቱት በማን ፍቅር እንደተያዝኩ ነው። ያ ዳቦ ቤት ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚለቀው ሽታ አለ። እናንተ ሽታ ትሉት ይሆናል። እኔን ግን እንደ ድሮ ወዳጅ ክንዴን ይዞ «ምነው ጠፋህ? ምን አስቀየምንህ?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

እስቲ ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

እኔ ዳቦ የምወድ ሰው ነበርኩ። ዳቦ የማይወድ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ግን ሌላ ነው። ሠርግ ቤት ፎቶ ለማንሳት ስጠራ ሙሽሮቹን ትቼ ድፎ ዳቦው ሲቆረስ የማነሳ ሰው ነበርኩ። ያኔ ደግሞ ፎቶ በፊልም ነው፤ የተበላሸውን ወዲያው አይቶ መደምሰስ የለም። አንዷ ሙሽራ ፎቶዋ ታጥቦ ሲመጣ ብታየው፣ ከእሷና ከባሏ ይልቅ ዳቦው በዝቶ ተገኘ። «የማንን ሠርግ ነው ያነሳኸው?» ብላ አለቀሰችብኝ። እውነቷን ነው። ዳቦው ግን ደስ ብሎት ነበር የተነሳው።

ይህን ሁሉ እየበላሁ ታዲያ ሰውነቴ አልቀበል አለ። ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ክንዴና እግሬ እንደ ሸንበቆ ቀጥነዋል። ነፋስ በሚበዛበት ወር እናቴ ብቻዬን ከቤት እንድወጣ አትፈቅድም ነበር። ለጃርዲያ ታከምኩ፤ ለአሜባ ታከምኩ። ባይኖሩም እንኳ ለክብራቸው ሲባል መድኃኒቱ ተዋጠላቸው። ኮሶ ጠጣሁ። ጠበል ተጠመቅሁ። ከአንዱ ሕክምና ወደ ሌላው ስዛወር ደግሞ እናቴ በመሐል «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ትንሽ ጠንከር በል» እያለች ትኩስ ዳቦ ትቆርስልኛለች። እኔም እጠነክር ብዬ እበላለሁ፤ በበላሁ ቁጥር እደክማለሁ።

ኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ደረሰልኝ። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ረጅም ቱቦ በጉሮሮዬ ሰዶ አንጀቴን ካየ በኋላ፣ ከአንጀቴም ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ የመጣ ዕለት አስቀመጠኝና፣

«ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነው» አለኝ። «አንጀትህ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ጠላቱን ሊወጋ ሲነሳ ራሱን ያቆስላል። ከዛሬ ጀምሮ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ በአፍህ እንዳይዞር።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክህን።»

ዕድሜ ልክ የሚፈርድ ዳኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ይግባኝ የለውም?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ባይሆን ዕድለኛ ነህ» አለ ሊያጽናናኝ። «የጤፍ አገር ሰው ነህ። ጤፍ ምንም አያደርግህም።»

እውነቱን ነው። ግን በዚያች ሰዓት ዕድለኛ ነህ መባል፣ እግሩን ለተቆረጠ ሰው «ከጫማ ወጪ ተገላገልክ» እንደማለት ሆነብኝ።

ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። «ዳቦ? በስመ ሥላሴ ተባርኮ የሚቆረስ ዳቦ ሰው ያማል?» አለች። ካመነች በኋላ ግን ከሐኪሙ ባሰች። ወንፊቴን ለየች፤ ቡሃቃዬን ለየች። ጤፌን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ከሁሉ ቀድማ እየደረሰች፣ የሰው ስንዴ ያለፈበትን ወፍጮ ጥረግ፣ አራግፍ እያለች ባለወፍጮውን አስመረረችው። «እትዬ፣ ልጅዎ ጳጳስ ሊሆን ነው እንዴ?» አላት አሉ።

ሰው ቅጽል ስም ሲወጣለት ዳቦ ይቆረሳል። ለእኔ ያለ ዳቦ ወጣልኝ፤ «ስንዴ ፈሪው» ተባልኩ። ወዳጆቼ ሊያስተዛዝኑኝ መጥተው «ሀብታም ከሥጋ ተከለከለ ሲባል ሰምተናል፤ ሰው እንዴት ከዳቦ ይከለከላል?» ብለው ይስቃሉ። በረመዳን የምስር ሳምቡሳ የማትነሳኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም። ሊጡን ሳይነካ ምስሩን ለብቻው ሠርታ በሳህን አመጣችልኝና «ልብሱን ሳላለብሰው ነው ያመጣሁልህ፣ ብላ» አለችኝ። ደግ ሴት ናት። ምስሩም ይጣፍጣል። ግን በጎረስኩ ቁጥር ዓይኔ ልብሱን ይፈልጋል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰው መሰልኩ። ጉንጭ አወጣሁ፤ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው። ሆዴ ዳነ፤ አፌ ግን ታመመ። የፓስቲ ጠባሹን ዘይት በሩቅ ስሰማው ልቤ አብሮት ይንጫጫል። በሕልሜ ዳቦ አያለሁ። ደግነቱ በሕልሜም ሊቆረስ ሲል እነቃለሁ፤ አንጀቴ ተኝቶም ዘበኛ ነው።

ስንዱን ያገኘኋት በዚህ ጊዜ ነው። መምህርት ናት፤ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ስሟን ስትነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጥሬ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ስንዴ የነሳኝ አምላክ አንዲት ፊደል ለውጦ ስንዱን ሰደደልኝ። እየተዋወቅን ስንሄድ በሽታዬን ነገርኳት። አልሳቀችም፤ አላዘነችልኝምም። «ታዲያ የምትበላው ምንድነው?» አለችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የማልበላውን ነበር። ያን ቀን ላገባት ቆረጥኩ።

የስንዱ ወላጆች ኮሶዬ ናቸው፤ በደባርቅ መንገድ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ደጋ። ሽማግሌ ተላከ። አባቷ አያ ሞላ ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀብለው «ልጁን በዓይኔ ሳላየው አንድ ቃል አልመልስም» ብለው ሸኟቸው። እናም በጥር ወር፣ ልታይ ተነሳሁ። አብሮኝ የሚሄደው የእናቴ ወንድም አያ ደሴ ነው። አያ ደሴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር፤ በአንደበቱ የሚኮራ፣ ዝም ማለት ሲገባው የሚያመው ሰው ነው።

ከመሄዳችን በፊት ስንዱ «አባቴ ከውሸት በቀር ሁሉን ይችላል። ገና ስትደርስ እውነቱን ንገረው» አለችኝ። እሷ ጎንደር ቀረች፤ ስለ ልጅቱ ሲወራ ልጅቱ ከነበረች ነውር ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ አያ ደሴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ስማኝ፣ ስለ በሽታህ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለ። «ሰው በሬ እንኳ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ ነው። አንጀቱ የቆሰለ አማች ማን ይወስዳል?»

«ስንዱ እኮ ንገረው ብላኛለች።»

«እሷማ ትወድሃለች። አባቷ ምን ዕዳቸው ነው?»

ይህ አነጋገር ልክ መሰለኝ። ሰው ሲፈራ ልክ የማይመስለው ነገር የለም።

ኮሶዬ ስንወርድ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ ክምር ቆሟል። ጠላቶቼ ተሰልፈው ነው የተቀበሉኝ። ያ ሐኪም የጤፍ አገር ሰው ነህ ሲለኝ እዚህ ደርሶ አያውቅም። በዚህ ደጋ ጤፍ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ገብስ ነው። እንጀራው ገብስ፣ ጠላው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ገንፎው ገብስ። ሰላምታው ብቻ ነው ያለ ገብስ የተሠራው።

አያ ሞላ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አበባ ከጓዳ ወጥተው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ጎረቤትም ሊያየኝ ተሰብስቦ ነበርና መደቡ ሞልቷል። ገና ስቀመጥ ቆሎ በእፍኝ ተሰጠኝ። ወደ አፌ ወሰድ አድርጌ ወደ ኮቴ ኪስ መለስኩት። አያ ሞላ ባዶ እጄን አዩና «ቆሎ ይወዳል! ጨምሩለት!» አሉ። ሁለተኛው ኪሴም ሞላ። ጠላ ቀረበ። ሰው ፊቱን ሲያዞር አያ ደሴ የራሱን ጨርሶ የእኔንም ይጨልጥልኛል። እትዬ አበባ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አንጀቴን አራስከው» እያሉ ይሞሉልኛል፤ አያ ደሴም የአጎትነቱን ግዴታ ይወጣል። ፊቱ እየቀላ፣ ድምፁ እየጎላ ሄደ።

ዶሮ ወጡ በገብስ እንጀራ ላይ ሲቀርብ ግን መደበቂያ ጠፋ። ዳር ዳሩን እንጀራ ያልነካውን ዕንቁላል እየፈለግሁ ስዞር፣ አያ ሞላ ጉርሳቸውን አቁመው አዩኝ።

«ምነው ልጀ፣ የደጋ እንጀራ ናቅህ እንዴ?»

ይህቺ ነበረች ሰዓቷ። «አያ ሞላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ…» ብዬ ስጀምር፣ አያ ደሴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ አፌን ቀማኝ።

«ልጁ ስእለት አለበት!» አለ።

«የምን ስእለት?»

አያ ደሴም ገና ሲናገር እንጂ ቀድሞ አላሰበበትም፤ ከፊቱ አውቄዋለሁ። «ልጅዎን… ልጅዎን እስኪያገኝ ድረስ የስንዴና የገብስ ዘር አልቀምስም ብሎ ለቅዱስ ሚካኤል ተስሏል! ይኸው ዓመት አለፈው!»

አያ ሞላ የያዙትን ጉርሻ መለሱት። ከዚያ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። «የኔን ልጅ ብሎ ከእህል ተለየ?» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ሸጋ ልጅ ዛሬ ዘመን አለ?» እትዬ አበባ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አንዲት ጎረቤት ባሏን በክርኗ ጎሸመችው፤ እሱ ለእሷ ምንም እንዳልተሳለ ትዝ ብሏት ይመስለኛል።

አያ ሞላ ብድግ አሉ። «እንግዲህ ምን ያቆየኛል! ልጀን ሰጥቼሃለሁ። እልል በሉ!»

እልልታው ጣራውን አነሳው። አያ ደሴ «አየህ?» በሚል ዓይን ጠቀሰኝ። እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ። ጉልበት ስሜ ቀና እስክል ድረስ ብቻ። ቀና ስል አያ ሞላ ወደ ጓዳ እየተጣሩ ነው።

«አበባ! ስእለቱ ደርሷል እኮ! ዳቦውን አምጪው። በእጄ ነው የማጎርሰው!»

ዳቦው መጣ። ሁለት ሴቶች ተጋግዘው ነው ያመጡት። ገና መገለጡ ነበርና እንፋሎቱ ከፊቱ ቀድሞ ገባ። መልኩ ጠይም፣ ጥቁር አዝሙዱ ላዩ ላይ እንደ ቆንጆ ሴት ማርያም የሳመቻት ምልክት ጣል ጣል ያለ። ወደ አያ ደሴ ዞርኩ። አያ ደሴ የጣራውን ማገር አንድ ባንድ ይመረምራል። አያ ሞላ ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ መዳፌ ላይ አኖሩት።

ከተለያየን ስንት ጊዜ መሰላችሁ? ሙቀቱ በመዳፌ አልፎ ክንዴን ይዞ ወጣ። ስጫነው ይሰምጣል፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ይተነፍሳል። ዕንባዬ መጣ። ቤቱ ሁሉ በስንዱ ፍቅር የማለቅስ መሰለው፤ ሴቶቹም አብረው ይነፋረቁ ጀመር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአያ ሞላ ክብር ስል ጎረስኩ። ሁለተኛውን ለእትዬ አበባ ድካም ስል። ከሦስተኛው በኋላ ሰበብ አላስፈለገኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የበላሁት። በመሐል አንድ ጊዜ ስገልጠው እትዬ አበባ ከፊቴ ቆመዋል፤ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ሳይንቀሳቀሱ ያዩኛል።

አንጀቴ ታግሦ ታግሦ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ለምርቃት ሲነሱ ጦርነቱን ከፈተ። «ይባርካችሁ» ሲሉ ሆዴ ነው ቀድሞ «አሜን» ያለው። ሁለተኛውን ምርቃት አልጠበቅሁም። በሰው እግር ላይ ተራምጄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በሩጫው ኪሶቼ ተገለበጡና ቆሎው ይፈስ ጀመር፤ የቤቱ ዶሮዎች እየለቀሙ ተከተሉኝ። አማች ልሆን የመጣሁበት ቤት ጓሮ ከገብሱ ክምር ሥር ተደፍቼ አወርዳለሁ፣ አስመልሳለሁ፤ ዶሮዎቹ ዙሪያዬን ከበው ኮቴን ይጠቀጥቃሉ።

ስመለስ ፊቴ የአመድ መልክ ይዟል። አልጋ ላይ አስተኙኝ። ያን ጊዜ ነው ሹክሹክታውን የሰማሁት።

«ምን በልቶ ነው?»

«ዳቦ ነዋ። ሌላ ምን በላ።»

«ማን ነው የጋገረው?»

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ እትዬ አበባ አየ። አንዲቱማ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳብ አድርጋ ከእትዬ አበባ ራቅ አለች። እትዬ አበባ ይህን አዩ። መሬት ላይ ቁጭ አሉና ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። «እኔ ቤት! እኔ በጋገርኩት! ምን ብዬ ነው ለልጄ የምነግራት!»

እስከዚህ ድረስ የተቀለደው በእኔ ነበር። ይህ ግን ቀልድ አይደለም። በዚያ አገር «እጇ አይሆንም» ከተባለች ሴት ቤት ማንም እህል አይቀምስም።

አያ ደሴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የመኪናው ጉዞ ይሆናል፤ እሱ ልጅ ሆኖም መኪና…»

«አያ ደሴ፣ በቃ» አልኩት። ተነስቼ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ የእርስዎ እጅ አይደለም። የማንም እጅ ቢጋግረው ያው ነው። በሽታ አለብኝ፤ ስንዴና ገብስ አይስማማኝም። ሐኪም ከከለከለኝ ዓመት አልፎኛል። ስእለት የሚባል የለም።»

ለቅሶው ቆመ። አያ ሞላ ተጠግተው ቆሙ።

«ስእለቱ ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው።»

«ሚካኤልስ?»

«ሚካኤል ዛሬ ከእርስዎ ጋር ነው የሰማው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳል አደረገው። አያ ሞላ አልሳቁም። «ገና ስትገባ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በውሸት የተጠየቀች ልጅ በእውነት አትሰጥም። ቃሌን መልሻለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በሆዴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጥቷል ብዬ ነበር። ልቤ ቀርቶ ኖሯል፤ እሱም ወረደ። ስንዱ ጎንደር ሆና መንገድ መንገድ ስታይ ታየችኝ።

እትዬ አበባ ከመሬት ተነሱ። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ተው እስቲ አንተ» አሉ ባላቸውን። «ልጁ ሲበላ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ይህን ያህል ዘመን ስጋግርልህ፣ አንድ ቀን እንደዚያ አድርገህ በልተህልኝ ታውቃለህ?»

አያ ሞላ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስእለቱ ውሸት ነው» አሉ እትዬ አበባ። «አበላሉ ግን ውሸት አልነበረም። እንዲያ እየናፈቀው ዓመት ሙሉ የተወ ሰው፣ ልጄን መያዝ ያቅተዋል?»

አያ ሞላ በተከፈተው በር የገብሱን ክምር አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ከዚያ አያ ደሴን አዩና እዚያው ቆዩ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ አማቼ ነው። ይኸ ሰው ግን ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኖ ደጄን እንዳይረግጥ።»

«ለሠርጉስ?» አለ አያ ደሴ ቀስ ብሎ።

«ለሠርጉ ይምጣ። አፉን ጎንደር ትቶ ይምጣ።»

እትዬ አበባ ጓዳ ገብተው ድንች ቀቀሉ። የአገራቸው ድንች ሲቀቀል እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። እያቃጠላቸው በእጃቸው ላጡና ጨው ነስንሰው አጎረሱኝ። «ይኸስ ይሆንሃል?» ይላሉ። አዎ እላለሁ። «እርጎስ?» አዎ። «ማርስ?» አዎ። አዎ ባልኩ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል። ለሰው ሁሉ እንቢ ስል የከረምኩ ሰው፣ አዎ ማለት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር።

ተጋባን። አሁን ቤታችን የስንዴ ዘር አይገባም። ስንዱ ራሷ ናት የከለከለችው፤ እኔ እያየሁ እሷ ብትበላ አይሆንላትም። ዓመታት አለፉ፤ በዚህ ነገር ተነጋግረንም አናውቅም። ናፍቆቱ ግን አልለቀቀኝም። ይለቀኝ ይሆን ብዬ መጠበቁንም ትቻለሁ።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቧ ላይ ፍርፋሪ አየሁ። ማየቴን አየችና በእጇ ልትጠርገው ቸኮለች።

«ምንድነው?» አልኳት።

«ምንም። አንዷ መምህርት ወልዳ፣ ለእንኳን ደስ ያለሽ ሄደን ነበር።»

«ዳቦ ነበር?»

«ተራ ዳቦ ነው፤ ደረቅ ነገር» አለች። የአያ ሞላ ልጅ ናት፤ ውሸት አትችልበትም። ጆሮዋ ይቀላል።

«ድፎ ነው አይደል?»

ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ድፎ ነው» አለች። «ትኩስ ነበር። ሲቆርሱት እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጡኝ። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ስይዘው ይሞቃል፤ ላዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ…»

«ቀስ በዪ» አልኳት ዓይኔን ጨፍኜ። «እያኘክሽ ንገሪኝ።»